አዛውንቱ ደቀ መዝሙር

የሀገራችን የሃይማኖት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የክርክር ታሪክ ሆኖ ይነበባል። በየትኛው ጉባኤ ማን ተነሥቶ ጠየቀ፣ ማን መጽሐፍ ጠቅሶ መለሰ፣ ማን ረታ፣ ማንስ ተወግዞ ከአደባባይ ወጣ የሚለውን እንቈጥራለን። ሊቅ ማለት የማይረታ ማለት ይመስለናል። እኔን ግን ይህን ዘመን ባነበብሁ ቍጥር የሚያስገርመኝ ሌላ ታሪክ ነው። በክርክር ያደገ፣ በክርክርም የታወቀ አንድ የጎጃም መነኩሴ፣ በዕድሜ ከእሱ በሚያንስ፣ በግዕዝ ዕውቀትም ከእሱ በማይወዳደር የባሕር ማዶ ሰው ፊት ደቀ መዝሙር ሆኖ የተቀመጠበት ታሪክ ነው። መነኩሴው አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። የባሕር ማዶው ሰው ደግሞ በአገሬው አንደበት አባ ያዕቆብ፣ በኋላም አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ኢጣሊያዊው ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ለየትኛውም ቤተ እምነት ጠበቃ ሆኜ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። ስለ ባሕርይ ክርክር ብይን መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ የእኔ ሥራ ሁለት ሰዎችን በቅርበት ማየት ነው። አንዱ ሌላውን በምን ማረከው? የተማረከውስ ሰው ከመምህሩ የወሰደው ምን ነበር? ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። የእርሻውና የጦር ሜዳው መንገድ ለእንዲህ ያለ ልጅ ጠባብ በመሆኑ የቀራቸው የትምህርት መንገድ ነበር፤ በዚያም ገሰገሱ። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተማሩ፣ በዚያው መነኰሱ። ቀጥሎም የሊቃውንት ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ጎንደር ተሻገሩ። በግዕዝ ቋንቋና በመጻሕፍት ትርጓሜ ዝናቸው ከመውጣቱ የተነሣ፣ በስም እንጂ በሥልጣን ንጉሠ ነገሥት ያልነበሩትን ሣልሳዊ ዮሐንስን እስከ ማስተማር ደረሱ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። መንግሥቱ እንደ ተከፋፈለ ሁሉ የሊቃውንቱ ጉባኤም ተከፋፍሎ ነበር። ጎጃም የቅባት፣ ትግራይ የካራ፣ ሌላው ወገን ደግሞ የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ትምህርት ይዞ ይሟገታል። የነገረ መለኮቱ ሙግት ከመሳፍንቱ ሙግት ጋር ተጠላልፎ፣ አንድ መስፍን ሲያሸንፍ አንድ ጉባኤ ያሸንፋል፤ መስፍኑ ሲወድቅ ጉባኤውም ይወድቃል። በዚህ ሁሉ መካከል አባ ገብረ ሚካኤል ሌላ ጥያቄ ይዘው ይዞሩ ነበር። የምንኵስና ሕይወት ከጥንቱ ደረጃ ለምን ወረደ? የጥንት አባቶች ሥርዓት የት ተጻፈ? ዛሬስ የሚኖርበት ማን ነው? ከገዳም ወደ ገዳም እየሄዱ መጻሕፍት አገላበጡ። ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው ለመመርመርም ይመኙ ነበር። ልብ እንበል፦ የእኚህ ሊቅ ረኃብ የሚረታላቸው ባላጋራ ማግኘት አልነበረም። የተጻፈውን የሚኖር ሰው ማየት ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልሻገር። ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ሳን ፈሌ በተባለች ተራራማ ከተማ ተወለዱ። በ1818 ላዛሪስቶች ወደሚባሉት፣ በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ ተመሠረተው ማኅበር ገቡ። በ1824 ክህነት ተቀበሉ። የማኅበሩ ሥራ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ድሃ ገበሬ ማስተማር ነበርና እሳቸውም በአገራቸው የገጠር መንደሮች እየዞሩ ብዙ ዓመት አስተማሩ። በ1836 እና በ1837 ኮሌራ ኔፕልስን ባጠቃ ጊዜ ሕሙማንን ካገለገሉት አንዱ ነበሩ። በ1839 ሮማ ወደ ኢትዮጵያ ላከቻቸው፤ በዚያው ዓመት በምጽዋ በኩል አድርገው አድዋ ገቡ።

አድዋ መግባት ማለት ግን ባዶ መሬት ላይ መቆም አልነበረም። ከአድዋ ብዙም በማይርቅ ቦታ የፍሬሞና ፍርስራሽ አለ። ፍሬሞና ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኢየሱሳውያን መቀመጫ ነበረች። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ኢትዮጵያ ገብተው፣ በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ በይፋ ለሮማ ታማኝነታቸውን በጉልበታቸው ተንበርክከው ማሉ። የተከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። የአገሩ ጥምቀትና ክህነት እንደ ከንቱ ተቈጠረ፣ ሥርዓተ ቅዳሴው ተነካ፣ ሕዝቡ ዐመፀ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች አለቁ፤ በመጨረሻም በ1632 ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዐወጁ። ከዚያ ወዲህ በአገሬው ጆሮ የሮማ ቄስ ማለት ንጉሥ የሚያንበረክክ ሰው ማለት ነበር። የሚገርመው ግን ሜንዴዝ ኢትዮጵያ በገቡበት በዚያው በ1625 በፈረንሳይ የላዛሪስቶች ማኅበር መመሥረቱ ነው። ያ ማኅበር ከአባላቱ ከሚጠይቃቸው ዋና ዋና ምግባራት አንዱ ትሕትና ነበር። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ዓመት ቆይቶ ከዚህ ማኅበር የወጣ ሰው የዚያን የሌላውን ጥላ ተሸክሞ አድዋ ደረሰ።

አባ ያዕቆብ ይህን ጥላ በክርክር ለመግፈፍ አልሞከሩም። በጥር 1840 በአድዋ ለጥቂት ሰዎች ያደረጉት የመጀመሪያ ንግግር በሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ፍሬ ነገሩን በራሴ ቃል ላስቀምጠው። አንደበት የልብ ደጅ እንደ ሆነ፣ አፋቸውን ሲከፍቱም ልባቸውን እንደሚከፍቱላቸው ነገሯቸው። የመጡት ስለሚወዷቸው እንደ ሆነ፣ በመካከላቸውም እንደ አገልጋይ መቈጠር እንደሚሹ አስረዷቸው። ስሕተታችሁን ላርም መጣሁ አላሉም። በፍሬሞና አጠገብ ቆሞ እንዲህ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰሚው ዐይቶ ያልፈው ነበር። ሰውየው ግን እንደ አገሬው መነኩሴ ለብሰው፣ አገሬው የሚበላውን በልተው፣ አገሬው በሚተኛበት መሬት ተኝተው ኖሩ። ዐማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ ተማሩ። ቋንቋ መማር ራሱ የትሕትና ትምህርት ቤት ነው። አርባ ዓመት የሆነው፣ በአገሩ ሲሰብክና ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ግሥ ሲያበላሽ ሕፃናት የሚስቁበት ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል። የግዕዙን ሥርዓተ ቅዳሴም እንደ ሜንዴዝ ሊሽሩት አልተነሡም፤ የሚከተሏቸው ኢትዮጵያውያን በአባቶቻቸው ቋንቋና ሥርዓት እንዲጸልዩ ፈለጉ እንጂ።

ሁለቱን ሰዎች ያገናኘው ግን ሃይማኖታዊ ጉባኤ ሳይሆን የመስፍን ጉዳይ ነበር። ኢትዮጵያ ለዓመታት ያለ ጳጳስ ቈይታ ነበር። ጳጳስ ከሌለ ቄስም ዲያቆንም የሚሾም የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ቀስ በቀስ ካህን አልባ ትሆናለች። የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ አቡን ከእስክንድርያ ለማስመጣት መልእክተኞች ሲያዘጋጁ፣ አባ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። ለአንድ ካቶሊክ ቄስ ከባድ ጥያቄ ነው። ይዘው የሚመጡት አቡን የራሳቸውን ሥራ የሚቃወም ሊሆን ይችላል፤ ኋላም የሆነው ይኸው ነው። መልእክተኞቹ ከካይሮ ወደ ሮማ እንዲያልፉ ተስማምተው እሺ አሉ። በ1841 መጀመሪያ ጉዞው ተነሣ። ከተጓዦቹም አንዱ ኢየሩሳሌምን የሚመኙት አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ።

በካይሮ ፓትርያርክ ጴጥሮስ ሳባተኛ አንድ ወጣት መነኩሴ ሾሙላቸው፤ እሱም አቡነ ሰላማ ተባለ። ወደ ሮማ የመሄዱን ሐሳብ ግን ፓትርያርኩ አልወደዱትም። የመልእክተኞቹ አንድ ክፍል አቡኑን ይዞ ሲመለስ፣ ሃያ ያህል ኢትዮጵያውያን ከአባ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮማ አለፉ። በነሐሴ 1841 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ስድስተኛ ተቀበሏቸው። ከዚያም በኢየሩሳሌም አድርገው በ1842 ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

እኔ የዚህን ታሪክ ልብ የማገኘው በሮማ አዳራሽ ሳይሆን በመንገዱ ርዝመት ውስጥ ነው። በጉባኤ ላይ ሰው ለአንድ ቀን ቅዱስ መምሰል ይችላል። አንድ ዓመት በሚፈጅ ጉዞ፣ በበረሃና በመርከብ፣ በሕመምና በስንቅ እጥረት፣ በመልእክተኞች መካከል በሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ ውስጥ ማስመሰል አይቻልም። ሊቁ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ የሚያዩበት ጊዜ ነበራቸው። የገዳማቱን መጻሕፍት ሲያገላብጡ የፈለጉት የተጻፈውን የሚኖር ሰው ነበር ብያለሁ። መጽሐፉን ሳይሆን ሰውየውን ያገኙት እዚያ ይመስለኛል።

ያም ሆኖ አባ ገብረ ሚካኤል የሚቸኵሉ ሰው አልነበሩም። ከጉዞው በኋላ ወደ ጎንደር ተመልሰው ጥያቄዎቻቸውን አሰላሰሉ። በ1843 መገባደጃ ወደ አድዋ መጥተው ለወራት ከአባ ያዕቆብ ጋር ተቀመጡ። ጠየቁ፣ አነበቡ፣ አመዛዘኑ። በየካቲት 1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ የተቀበሏቸው ሰው በዘጠኝ ዓመት ገደማ ያንሷቸዋል።

ይህ እርምጃ ምን እንዳስከፈላቸው ለመረዳት የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። የቆሎ ተማሪ በመምህሩ ዘንድ የሚኖረውን ቦታ እናውቃለን። እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ለምኖ ያመጣውን ይካፈላል፣ ቆሞ ይሰማል። መምህሩ ግን ተቀምጦ ይናገራል። ይህን መሰላል ከታች እስከ ላይ የወጣ ሰው ሲገባ ይነሡለታል፣ ሲናገር ዝም ይሉለታል። አባ ገብረ ሚካኤል ከዚህ መሰላል ራስ ላይ ወርደው እንደገና ከታች ቆሙ።

ነገር ግን ከታች ሲደርሱ መምህራቸውን ከላይ አላገኟቸውም። አባ ያዕቆብም ተማሪ ሆነው እዚያው ተቀምጠው ነበር። የግዕዙን ምሥጢር፣ የአገሬውን የትርጓሜ ስልት፣ የሊቃውንቱን የአነጋገር ወግ የሚማሩት ከእኚሁ ከአዲሱ ደቀ መዝሙራቸው ነበር። ሁለቱ አብረው በዐማርኛ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ። አባ ገብረ ሚካኤል የግብረ ገብ ትምህርት ወደ ግዕዝ መለሱ፣ ስለ ግዕዝ ሰዋስውና ቃላትም ጻፉ። ማን መምህር፣ ማን ተማሪ እንደ ነበር ለመለየት ያስቸግራል። ትሕትና የሚባለውን ነገር በዚህ ዘመን ብዙ ጊዜ አንገት ከመድፋትና ድምፅን ዝቅ ከማድረግ ጋር እናምታታዋለን። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚያሳዩኝ ትሕትና ግን ከማንም ለመማር ዝግጁ ሆኖ መኖር ነው። አንገት መድፋት ሊመሰል ይችላል፤ መማር ግን ሊመሰል አይችልም።

በ1845 አካባቢ በአጋመ አውራጃ፣ በአዲግራት አቅራቢያ ጓላ በተባለ ቦታ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። አባ ገብረ ሚካኤል እዚያ ወጣቶቹን ያስተምሩ ነበር። አቡነ ሰላማ ውግዘት አውጥተው ያ ቤት ሲበተን ሥራው ወደ ኢሮብ ምድር፣ ወደ ዓሊቴና ተዛወረ። ተማሪዎቹ የሚማሩበት ጣሪያ በተለዋወጠ ቍጥር ያልተለወጠው ትምህርት የመምህሩ አኗኗር ነበር። ሮማ አባ ያዕቆብን ለጵጵስና ስትመርጣቸው ለረጅም ጊዜ አይገባኝም ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ በጥር 1849 ካፑቺኑ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ በምጽዋ በአንድ ተራ ቤት ውስጥ፣ የሚያጅብ ሕዝብና ክብረ በዓል በሌለበት ቀቧቸው። ከተማዋ በሁከት ላይ ስለ ነበረች ሥርዓቱ የተፈጸመው በሌሊት ነው። ሜንዴዝ ንጉሠ ነገሥት ተንበርክኮ በማለበት አገር፣ አቡነ ያዕቆብ ጵጵስናን እንደ ስደተኛ ተቀበሉ።

አባ ገብረ ሚካኤል ለክህነት የተዘጋጁት በእኚህ ጳጳስ እጅ ነው። በሀገራችን ልማድ የክህነት መንገድ የሚጀመረው በልጅነት፣ በዲቁና ነው፤ መነኩሴ ሁሉም ካህን አይደለም። እሳቸው መነኰሱ፣ ሊቅ ሆኑ፣ ንጉሥ አስተማሩ፣ ካህን ግን አልነበሩም። ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ እኩዮቻቸው በልጅ ልጆቻቸው መካከል በሚቀመጡበት ዕድሜ፣ በጥር 1 ቀን 1851 አቡነ ያዕቆብ እጃቸውን ጭነው ካህን አደረጓቸው። ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ፊት ተንበረከከ። ይህንን መንበርከክ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ መንበርከክ ይጠየቃልና።

እዚህ ላይ ለሌላውም ወገን ፍርድ መስጠት ይገባል። አቡነ ሰላማ በባዕድ አገር በወጣትነታቸው የተሾሙ፣ የተከፋፈለ ጉባኤ የጠበቃቸው ጳጳስ ነበሩ። በዐይናቸው ፊት ሊቃውንቱ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዝም ቢሉ መንጋቸውን እንደ ከዱ ይቈጥሩት ነበር። ከቋራ የተነሡት ካሣ ኀይሉ ደግሞ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የተበጣጠሰች አገር አንድ ሊያደርጉ የተነሡ ሰው ናቸው። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሃይማኖት የሚለው ሐሳብ ከዚያ ሕልም ጋር የተሳሰረ ነበር። በ1854 ሁለቱ ተስማሙ። ጳጳሱ ለካሣ ዘውድ፣ ካሣም ለጳጳሱ የአንድ ሃይማኖት ዐዋጅ የሚሰጡበት ስምምነት ነበር። የካቶሊኮቹ መጨረሻ በዚያ ውል ውስጥ ተጻፈ።

በሐምሌ 1854 አቡነ ያዕቆብና ተከታዮቻቸው ጎንደር ላይ ተያዙ። መምህሩን ለብቻ፣ አባ ገብረ ሚካኤልንና ጓደኞቻቸውን ለብቻ አሰሩ። የእስረኞቹ እግር በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ተጠረቀመ። ሃይማኖታችሁን ለውጡ ተባሉ፤ በየጊዜው ተጠየቁ፣ በየጊዜው ተገረፉ። ጳጳሱ ከራሳቸው እስር ቤት ሆነው በመልእክት ያጽናኗቸው ነበር። ቈይቶ አቡነ ያዕቆብን ከአገር እንዲወጡ በጠረፍ በኩል ሰደዷቸው። መምህርና ደቀ መዝሙር ከዚያ በኋላ በዚህ ምድር አልተያዩም።

በየካቲት 1855 ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በደረስጌ ማርያም ነገሡ። አባ ገብረ ሚካኤልም በሰንሰለት ሆነው በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ፊት ቀረቡ። እንዲገዙና እምነታቸውን እንዲተዉ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ክፉኛ ተገረፉ። ሠራዊቱ ወደ ወሎ ሲዘምት እሳቸውም እንደ ታሰሩ ተነዱ። በግንቦት 31 ቀን 1855 የእንግሊዝ ቈንስል ዋልተር ፕላውደን ባለበት እንደገና ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው። ቈንስሉና ሌሎችም ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ሰንሰለት ተለወጠ። ጠባቂዎቻቸው ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ግርፋት አለመሞታቸውን አይተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሏቸው እንደ ነበር የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ያ ሰውነት ግን ወራት ብቻ ነበር የቀረው። በሠራዊቱ መካከል ወረርሽኝ ገብቶ ነበር፤ በነሐሴ 28 ቀን 1855 ሰንሰለቱ ሳይፈታላቸው በመንገድ ላይ ዐረፉ። ወታደሮቹ በአንድ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። መቃብራቸው እስከ ዛሬ የት እንደ ሆነ አልታወቀም።

አሁን ወደ ያዝነው ቃል እንመለስ። በ1851 በአንድ ምስኪን ጳጳስ ፊት በደስታ የተንበረከከ ሰው፣ በ1855 ያንን የሚያህል ንጉሠ ነገሥት በፈለገው መንገድ ለመንበርከክ እምቢ አለ። እንዴት ይታረቃል? ትሕትናን ከመገዛት ጋር አንድ አድርጎ ለሚያይ ሰው አይታረቅም። እኔ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተወለደ ይመስለኛል። በነጻ ፈቃዱ ዝቅ ማለትን የተማረ ሰው፣ የሚያጣው ቁመት የለውም፤ ስለዚህ በግድ ሊያሳጥሩት አይችሉም። ለክብሩ የሚሳሳ ሊቅ ቢሆኑ ኖሮ ንጉሡ የሚሰጣቸው ብዙ ነበር፤ ሹመት፣ የጉባኤ ወንበር፣ ምሕረት። ከአባ ያዕቆብ የተማሩት ግን ያለ እነዚህ መኖርን ነበር። ክህነታቸው አራት ዓመት ተኩል ብቻ ቈየ። ከዚያም የመጨረሻው ዓመት በእግር ብረት ነው ያለፈው። ዝግጅቱ ግን ከዚያ ይበልጥ ረጅም ነበር፤ ከካይሮው መንገድ ጀምሮ ይቈጠራል።

ወደ ላዛሪስት ማኅበር ለመግባት ይመኙ ነበር፤ ሳይደርስላቸው ሞቱ። አቡነ ያዕቆብ ግን ስለ እሳቸው ሲጽፉ በልባቸው የማኅበሩ ሰው እንደ ነበሩ መሰከሩ። ማኅበሩም ዛሬ ከራሱ ልጆች ይቈጥራቸዋል። በ1926 ሮማ ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። መምህሩ ደግሞ በ1939 ብፁዕ፣ በ1975 ቅዱስ ተባሉ። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው ያንን ማዕርግ ያገኘው። አቡነ ያዕቆብ ቢያዩት ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

የእሳቸውም ፍጻሜ ከሕይወታቸው የተለየ አልነበረም። በትግራይ በተነሣው የፖለቲካ ግርግር ምክንያት እንደገና ተይዘው ተንገላቱ። በሐምሌ 1860 በብርቱ ትኵሳት ተይዘው ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ደጋው፣ ወደ ሐላይ ለመድረስ ጕዞ ጀመሩ። የቈላው ሙቀት ግን አላስኬዳቸውም። በሐምሌ 31 ቀን፣ በአሊጌዴ ሸለቆ፣ በመንገድ ዳር መሬት ላይ ተኝተው፣ ራሳቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ አብረዋቸው የነበሩትን ደቀ መዛሙርት ይቅርታ ጠይቀው ዐረፉ። ስድሳ ዓመት አልሞላቸውም። ሥጋቸው ያረፈው በአከለ ጉዛይ፣ በሔቦ ነው፤ ዛሬም በኤርትራ ምእመናን ወደዚያ ይሳለማሉ።

ከሥራቸው ካደጉት ወጣቶች አንዱ አድዋዊው አባ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ያዩትን በጽሑፍ አስቀምጠው አለፉ። ያ ምስክርነት በ1914 በፈረንሳይኛ ትርጉም በፓሪስ ታትሟል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ለሆነ ሁሉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙ የባሕር ማዶ ሰባክያን ስለ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸው ጽፈዋል፤ እዚህ ግን ኢትዮጵያዊው ተማሪ ስለ ባሕር ማዶው መምህሩ ጻፈ። ብዕሩ በተማሪው እጅ መሆኑ ራሱ የዚያ መምህር ሥራ ውጤት ነው።

አቡነ ሰላማ በ1867 የሞቱት በመቅደላ አምባ፣ ዘውድ በጫኑለት ንጉሥ እስር ቤት ውስጥ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1868 በዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን አጠፉ። ይህን የማነሣው ማንንም ለመኰነን አይደለም፤ ሁለቱም በራሳቸው መንገድ አገርንና ቤተ ክርስቲያንን የወደዱ፣ ብዙም የተሠቃዩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በዚያ ዘመን እርስ በርስ የተጠላለፉትን እነዚህን አራት ሰዎች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይገባኛል። ጳጳሱና ንጉሡ የተሳሰሩት በውል ነበር፤ ውሉ ሲፈርስ አንዱ የሌላው እስረኛ ሆነ። አባ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል የተሳሰሩት እርስ በርስ በመማማር ነበር። ግንዱም፣ ስደቱም፣ ሞቱም ያንን አላፈረሰውም። በወሎ መንገድ ላይ ስሙ ከጠፋ ዛፍ ሥር የተኛው ሽማግሌ መቃብር የለውም፤ መምህር ግን አለው፤ መምህሩም ደቀ መዝሙር አለው።